ስልሳ ሜትር

ሦስተኛው ሙከራም ያው ሆነ። የድሮን ፎቶዎችን አያይዞ ካርታ የሚሠራው ሶፍትዌር ሥራውን ጨርሶ ሲቆም የሰፈሩ ካርታ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ምዕራቡ በኩል ልቅም ያለ ነው፤ እያንዳንዱ ጣሪያ ተለይቶ ይታያል። ምሥራቁ ግን ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ወንዙ መሃል ላይ ይቋረጣል፣ ድልድዩ ሁለት ቦታ ይታያል፣ አንዱ ቤት ደግሞ ግማሹ የለም።

«ይሄ ነገር ሙድ እየያዘብን ነው» አለ መሐንዲሱ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን እያሻሸ።

ልጅቷ አልሳቀችም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። መሐንዲሱ የአባቷ የሥራ ባልደረባ ነው፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሳሎን ውስጥ የአባቷ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ አገኘችው። አባቷ ከሞተ ሦስት ሳምንቱ ነው። ድሮን አብርሮ ያነሳው የመጨረሻ ሥራው፣ ጎርፍ የሚያስቸግረው የአንድ ሰፈር ካርታ፣ እስካሁን አልወጣም። መሐንዲሱ የአባቷን አሠራር ታውቃለች ብሎ አጠገቡ አስቀምጧታል፤ እውነቱን ነው፣ ታውቃለች። ከአሥር ዓመቷ ጀምሮ እየተከተለች ካላዘዝኩ ስለምትል አባቷ የሚጠራት «አለቃዬ» እያለ ነበር።

ከመኝታ ቤት የቁም ሳጥኑ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማል። እናቷ የአባቷን ልብሶች እየለየች ነው።

መሐንዲሱ ያልሞከረው የለም። ብዥ ያሉትን ፎቶዎች አወጣ፣ የቀሩትን ለሁለት ከፈለ፣ ምንም ጠብ አላለለትም። ሶፍትዌሩ ከሌሎቹ ጋር ማያያዝ ያቃተውን አርባ ሁለት ፎቶ በቀይ ዘርዝሮታል። ሁሉም ከሁለተኛው በረራ ናቸው። በመጨረሻ የአንዱን ፎቶ መረጃ ከፍቶ ከፍታውን አየ። የመጀመሪያው በረራ ዘጠና ሜትር ነው፤ ሁለተኛው ስልሳ።

ድሮን ዝቅ ብሎ ሲበር አንድ ፎቶ የሚይዘው ቦታ ይጠባል። የሚመላለስባቸው መስመሮች ግን የተለኩት ለዘጠና ነው። ስለዚህ ጎን ለጎን ያሉት ፎቶዎች አልተደራረቡም፤ ሶፍትዌሩም የሚያያይዝበት የጋራ ነገር አጣ። ይህ ኮምፒውተር ላይ የሚስተካከል አይደለም፤ በምሥራቁ በኩል ድሮኑ እንደገና መብረር አለበት።

«አባትሽ እንዲህ ዓይነት ስህተት ሠርቶ አያውቅም» አለ መሐንዲሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰው ነው፣ ምን ይደረጋል። የአብራሪው ስህተት ብዬ ሪፖርት ማድረጌ አይቀርም። ለስለስ አድርጌ እጽፈዋለሁ።»

ከዚያ ለቢሮው ሊደውል ወደ በረንዳ ወጣ። ልጅቷ እንባዋን መቆጣጠር አቃታት። አባቷ ለሥራው የነበረውን ጥንቃቄ የምታውቀው እሷ ናት፤ አሁን ከስሙ ጋር የሚቀረው ወረቀት ይህ ሊሆን ነው።

ፎቶዎቹ በተነሱበት ቅዳሜ አባቷ የመጀመሪያውን በረራ እንደጨረሰ መኪናው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። ፊቱ በላብ ርሶ፣ እጁ ደረቱ ላይ ነበር። ድካም ነው አላት፣ የቀረውን አንቺ አብርሪው። ቀጥሎም «ለእናትሽ እንዳትነግሪያት፤ በከንቱ ትሸበራለች» አለ። እሷም አበረረችው። ድሮኑ ከዓይኗ እንዳይጠፋ ፈርታ ወደ ስልሳ ዝቅ አደረገችው፤ አልነገረችውም። ቤት ሲደርሱ እናቷ ፊቱን አይታ ምን ሆነህ ነው ስትል ሁለቱም ፀሐዩ ነው አሉ። በአራተኛው ቀን ልቡ ቆመ። ከዚያ ወዲህ እናቷ ስንቴ እንደጠየቀቻት አታውቅም፦ ያን ቅዳሜ ደህና ነበር አይደል? እሷም ሁሌ ደህና ነበር ትላለች።

የሁለተኛውን በረራ የመጀመሪያ ፎቶ ከፈተች። ድሮኑ ገና ከመሬት ሲነሳ ቸኩላ ያነሳችው ነው። አባቷ የመኪናውን ጎማ ተደግፎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቀና ብሎ ያያል። ሊስቅላት እየሞከረ ነው። እሷ አጠገቡ ሪሞቱ ላይ አቀርቅራለች። በመነሳት ላይ የተነሱ ፎቶዎች ካርታውን ስለሚያበላሹ ይወጣሉ፤ ይህን ያስተማራት ራሱ ነው። አሁን ብታጠፋው ማንም የት ገባ አይልም። ጣቷን ማጥፊያው ላይ አድርጋ ቆየች።

መሐንዲሱ ሲመለስ ፎቶው እንደተከፈተ ነበር።

«ጋሼ፣ ሁለተኛውን ያበረርኩት እኔ ነኝ» አለችው። «ሪፖርቱ ላይ እንደዚያ ብለው ይጻፉ።»

መሐንዲሱ ፎቶውን አየ፣ እሷን አየ። ልጅቷ ተነስታ ወደ መኝታ ቤት ሄደች። እናቷ የአባቷን ሰማያዊ ጃኬት ጭኗ ላይ አድርጋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«እማዬ፣ ያን ቅዳሜ ደህና አልነበረም» አለቻት። «ነይ፣ የማሳይሽ ፎቶ አለ።»

እናቷ ጃኬቱን እንደያዘች ተነሳች። ልጅቷ ቀድማ ሄዳ የአባቷን ወንበር ሳበችላት።