ትርፍ ገመድ

«እዚች ጋ አንድ ገመድ ብቻ!» አለ ዑመይር ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ማን ያውቅብናል?»

ዘይባ ወደ ጣሳው ተመለከተች። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው የወተት ዱቄት ጣሳ ሁለቱ ሦስት ወር የለፉበት ሥራ ነው፤ ለሁለት ዲሽ የሚያገለግል ስዊች። ቁልፉ ወደ ግራ ሲዞር አንደኛውን ዲሽ፣ ወደ ቀኝ ሲዞር ሁለተኛውን ከሪሲቨሩ ጋር ያገናኛል። የከተማው የተማሪዎች ፈጠራ ውድድር ዳኞች ደግሞ እነሱ ጋ ለመድረስ ሦስት ጠረጴዛ ብቻ ቀርቷቸዋል።

ችግሩ ጣሳው ሲግናል መብላቱ ነው። ዲሹ በቀጥታ ሲገናኝ ቲቪው ላይ የሲግናሉ ጥንካሬ ሰባ አንድ በመቶ ይታያል። መጀመሪያ በጣሳው በኩል ሲያሳልፉት ሠላሳ አራት ሆኖ፣ ዑመይር ጣሳውን በእርግጫ ሊለው ነበር። ዘይባ ግን እልኸኛ ናት። የውስጥ ገመዶቹን አሳጠረች፣ የቁልፉን የመዳብ ምላሶች ወለወለች፣ የገመዱን የውጭ መረብ ከጣሳው ጋር በየደችና ስልሳ ሦስት አደረሰችው። ከዚያ በኋላ አንድ ቁጥር እንኳ ንቅንቅ አላለም። ዲሽ ሠሪው አባቷ ሙሀመድአወል ይህን ስትነግረው ስቆ፣ «ሲግናል የማይበላ ስዊች የለም፤ አለኝ የሚልሽ ካለ ሊሸጥልሽ ነው» ብሏት ነበር።

«የነሙንታሲር እንቁላል መፈልፈያ ዘጠኝ ጫጩት አውጥቷል» አለ ዑመይር። «ጫጩት እያየ ለጣሳ ነጥብ የሚሰጥ ዳኛ አለ? ሰባ አንድ ካሳየን ግን በቃ፣ ወልቂጤ ነን!»

ወልቂጤ ሲባል የዘይባ ሆድ ይባባል። ከየከተማው ያሸነፉ ተማሪዎች ዘንድሮ የሚወዳደሩት እዚያ ነው። እናቷ ባሂራም እዚያ ናት። ከአባቷ ጋር ከተፋቱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ከገዛ እህቷ ጋር ልብስ ትሸጣለች። በየጁምዓው ትደውላለች፤ ዘይባ ግን ድምጿን ጠግባ አታውቅም። የምትናፍቀው ትልቅ ነገር አይደለም። እናቷ ፀጉሯን ልትሠራት ጉልበቷ መሐል አስቀምጣ «አትነቃነቂ አልኩሽ!» የምትላትን ቁጣ ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት እናቷ፣ «ለአረፋ እኔ ጋ እንዲልክሽ አባትሽን ጠይቂው» ብላት ነበር። እስከ ዛሬ አልጠየቀችም። የባሂራ ስም ሲነሳ አባቷ ዝም ይላል፤ ዝምታው ደግሞ ከቁጣ ይከብዳል። አሸንፋ ከሄደች ግን ማንም ማንንም መጠየቅ የለበትም።

«እሺ» አለች። «አስገባው።»

ዑመይር የአንደኛው ዲሽ ሲግናል ቁልፉን ሳይነካ እንዲያልፍ ገመዷን በቁልፉ ጎን አሳልፎ አሰራትና ክዳኑን ገጠመ። «ወደ ቀኝ ብቻ እንዳታዞሪው። ሁለቱ ዲሾች ይጋጩና ሲግናል ይጠፋል።»

የፊዚክስ መምህርታቸው ሰርካለም ከአንድ ዳኛ ጋር መጡ። ቲቪው ላይ ሰባ አንድ ይላል።

«ያለ ስዊቹስ ስንት ነበር?» አለ ዳኛው።

«ሰባ አንድ» አለች ዘይባ።

«ምንም አልጠፋም? ጎበዞች!» ዳኛው ወረቀቱ ላይ መጻፍ ጀመረ።

መምህርት ሰርካለም ፊታቸው በራ። «ትናንት ስልሳ ሦስት አልነበረም እንዴ? እንዴት አድርጋችሁ ነው ልጆቼ?»

ዘይባ ቁልፉን ያዘች። እናቷም ይህንኑ ነው የምትጠይቃት። ወልቂጤ መናኸሪያ አቅፋ ስማ፣ «እንዴት አሸነፍሽ የኔ ልጅ?» ስትላት ምን ልትላት ነው? ሁለት ዓመት ናፍቃት፣ ገና ሲገናኙ ልትዋሻት ነው?

ቁልፉን ወደ ቀኝ አዞረችው። ቲቪው ላይ «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ መጣ።

«ኧረ ዘይባ!» አለ ዑመይር።

ክዳኑን ከፍታ ትርፏን ገመድ ነቀለች። ቁልፉን መልሳ ወደ ግራ ስታዞረው ስልሳ ሦስት አለ። «ትክክለኛው ይሄ ነው» አለች ቀና ሳትል። ዳኛው የጻፈውን ሰረዘና ወደ ጫጩቶቹ አለፈ። ዑመይር ያን ቀን ዳግመኛ አላናገራትም።

ማታ ላይ አባቷ ሳሎን ውስጥ የሰው ሪሲቨር ፈቶ ያጸዳ ነበር።

«ስንት አሳያችሁ?»

«ስልሳ ሦስት።»

«ማሻአላህ! ለጣሳ እኮ ብዙ ነው። አለፋችሁ?»

«ጫጩቶቹ አለፉ።»

አባቷ ሳቀ። ዘይባ አልሳቀችም።

«አባ፣ እማ ለአረፋ እሷ ጋ እንድትልከኝ ጠይቂው ብላኛለች።»

ሳቁ ቆመ። ብሩሹን ሪሲቨሩ ላይ አስቀመጠ።

«መቼ ነው ያለችሽ?»

«ከሦስት ሳምንት በፊት።»

«እስካሁን ምን ሆነሽ?»

«ፈርቼህ ነው።»

ዝም አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ግድ የለም፣ ተወው» ብላ ትወጣ ነበር። ዛሬ ግን በርጩማ ሳበችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«እሷ ጠይቂው ስላለች ብቻ አይደለም» አለች። «እኔም ናፍቃኛለች።»