ከሥጋው ጀርባ የተውኩት ስልክ

ብታምኑኝም ባታምኑኝም፣ ይህን መጻፍ የጀመርኩት አፌን በጨው ውሃ ተጉመጥምጬ ነው።

ሁለት ጊዜ።

ነገሩን ባሰብኩት ቁጥር ምላሴ ላይ የሆነ ነገር ይመጣብኛል። ስብ ስብ የሚል... ለብ ያለ... ኤጭ! ተዉት።

የሆነው ባለፈው ዓመት ሐምሌ ውስጥ፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ቦታው ከደርባን ወጣ ብሎ ኡምቡምቡሉ የሚገኘው የአባቴ ግቢ። አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም። ጨምሬበት ቢሆን ኖሮ ደስታዬ ነበር።

ሙዚ እባላለሁ። ሥራዬ፣ ሥራ ካላችሁት፣ ስልኬ ላይ ከበሮ መደርደር ነው። አሥራ ስድስት ሳጥን አለ፤ የነካኸው ይመታል፣ ያልነካኸው ዝም ይላል። የምኖርበት ኡምላዚ ውስጥ ግማሹ ወጣት የሚኖረው በዚህ ነው። ምቱ ጥሩ ከሆነ ሚኒባስ ውስጥ ይከፈታል። ሚኒባስ ውስጥ ከተከፈተ ደርባን በሙሉ ሰማው ማለት ነው።

ጓደኛዬ ልዋዚ ሚኒባስ ላይ ረዳት ነው። ሐሙስ ዕለት ደወለልኝ።

"ስማ ሙዚ፣ ያንተ ጣሳና ማንኪያ ሰለቸን።"

"ምን ላድርግልህ?"

"ሰው ሰምቶት የማያውቀው ነገር አምጣ! አለዚያ ሾፌሬ ሰኞ የቪ ሰፈሩን ልጅ ሊከፍት ነው። ያንን ጥርሱን ያስጠረበ ፎካሪ!"

ይሄ አንጀቴን አሳረረው።

ልዋዚ የሆነ አፕ ላከልኝ። አንዱ ለሙከራ የሠራው ነው፣ ገና ስም እንኳ አልወጣለትም። የራሱ ከበሮ የለውም። የሆነ ቦታ ታስቀምጠዋለህ፣ ይሰማል፣ ይቀርጻል፣ ከሰማው ድምፅ ውስጥ የሚመታውን እየለቀመ ሳጥኖቹን ራሱ ይሞላል። አንድ ክፉ አመል ብቻ ነበረው። ሲሰማ ልኩን እንዳይስት "ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ..." ይላል። ትቀንሰዋለህ እንጂ አታጠፋውም።

አሁን የአባቴን ነገር ልንገራችሁ።

አባቴ ከሞተ ዓመት ሞልቶት ነበር። እናቴ ዓመቱን ሙሉ ጥቁር ለብሳ፣ ከሰው ራቅ ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ኖረች። እኛ ዘንድ የሞተ ሰው ወዲያው ቤቱ አይገባም። በሬ ታርዶለት፣ ተጠርቶ ነው የሚገባው።

"ሜዳ ላይ ነው ያለው ልጄ" ትለኝ ነበር። "ይሄን ሁሉ ጊዜ ብርድ ላይ።"

አርብ ከሰዓት በሬው ታረደ። ሥጋውን ወደ ክቡ ጎጆ አስገባነውና ከበሩ ትይዩ ባለው ቦታ፣ ኡምሳሞ በምንለው፣ ደረደርነው። እስከ ጠዋት እዚያው ያድራል። ሰው አይገባም፣ ራዲዮ አይከፈትም፣ ውሻ ይታሰራል። የቀደሙት አባቶች መጥተው መጀመሪያ እነሱ ይልሱታል።

ይልሳሉ። እንዲህ ነው የምንለው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬ፣ ድምፁ ምን ይመስል ይሆን ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር...

እስከዚያች አርብ።

አዎ። አደረግኩት። የጎድኑን ሥጋ ተሸክሜ ስገባ ስልኬን ከጀርባው፣ ከጠላው እንስራ ጋር አስደግፌ ተውኩት። ጠቅታውን እስከ መጨረሻው ቀነስኩት። ሰው አይሰማውም ብዬ።

ሰውማ አልሰማውም።

አጎቴ ቤካኒ ተንበርክከው አባቴን ጠሩት። በስሙ፣ በአባቱ ስም፣ በአያቶቹ ስም። "ካባዜላ! ና ወደ ቤትህ፣ ካባዜላ!" ከዚያ በሩን ዘግተው ወደ እኛ ዞሩ።

"ከአሁን በኋላ ዝም ነው" አሉ። "ስሙን ይዞ ነው መንገድ የሚያገኘው። ሌላ ድምፅ ከሰማ ይስታል።"

ስልኬን አሰብኩት። ግን ወጥቼ ነበር፤ በሩም ተዘግቷል።

በነጋታው በሩ ሲከፈት ቀድሜ ገባሁ።

ሽታው ልክ አልነበረም። የሥጋ ሽታ አውቃለሁ። ይሄ ሲነጋ ካልታጠበ አፍ የሚወጣ ሽታ ነው።

ስልኬ ያስቀመጥኩት ቦታ ነበር። ሳነሳው...

ክር ይዞ ተነሳ።

ልጋግ ነው። ወፍራም፣ ዝልግልግ ያለ፣ ገና ያልበረደ። ተዝለግልጎ ተዝለግልጎ እጄ ላይ ተበጠሰ። ሱሪዬ ላይ ጠራርጌ ኪሴ ከተትኩት። ከመክተቴ በፊት ግን አየሁት፤ አሥራ ስድስቱም ሳጥኖች ሞልተዋል። ይሄ አፕ ከአምስት ስድስት በላይ ሞልቶ አያውቅም።

"ሙዚ።"

አጎቴ ናቸው። ሥጋው ላይ ጎንበስ ብለዋል።

"ድመት ገብቷል እንዴ?" አሉ በሹክሹክታ።

"አልገባም፣ አባባ።"

"ውሻውስ?"

"ታስሮ ነው ያደረው።"

ጣታቸውን የወርቹ ጫፍ ላይ አሳለፉ። ተግጧል። ክብ ክብ ሆኖ፣ በትናንሽ ጥርስ።

"አባቶች ይልሳሉ" አሉ። "ይልሳሉ እንጂ አይነክሱም።"

ቀና ብለው አዩኝ።

"እዚህ ውስጥ ምን ትተሃል?"

"ኧረ ምንም!"

"ሙዚ፣ የሆነ ነገር ካለ አሁን ንገረኝ፣ አልቆጣህም። ሌላ በሬ እስኪገኝ እናትህ በጥቁሯ ትቆያለች፣ በቃ። ሥጋውን ከቀመሰች ግን የመጣው ገባ ማለት ነው። የገባውን ደግሞ የሚያስወጣው የለም።"

"ምንም የለም አልኩ እኮ፣ አባባ።"

ኪሴ ጭኔ ላይ ያረጥበኝ ነበር።

የተገጠውን ቆርጠው ቀበሩት። እኔ ሦስት ሰዓት ሲሆን ከከብቶቹ በረት ጀርባ ሄጄ ጆሮ ማዳመጫዬን ሰካሁ።

ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ...

ከዚያ መጣ። ረጅም፣ እርጥብ፣ ሸካራ። ምላስ ከስብ ላይ ሲነሳ የሚሰማው ጧ የሚል ነገር። እንደገና። እንደገና።

ጉድ እኮ ነው፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነበር! እንዲህ ያለ ምት በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ትንሽ ቆርጬ ለልዋዚ ላክሁለት። ወዲያው በድምፅ መለሰ።

"ወይኔ ሙዚ! ምንድነው ይሄ? ኧረ ቀፈፈኝ! ሰው ጆሮዬ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚበላ ነው የሚመስለው። በጣም ያስጠላል... ቀሪውን ላክ!"

ቀሪውን መስማት ቀጠልኩ።

መጀመሪያ ላይ ምላሱ እንደ ፈለገ ነበር። እየቆየ ግን ጠቅታውን ጠብቆ ይልስ ጀመር። አንድ ጠቅ፣ አንድ ላስ። አንድም አይስት።

አባቴ በሕይወቱ በምት አጨብጭቦ አያውቅም። ሰርግ ላይ ይሳቅበት ነበር።

ከዚያ መላሱ ቆመ።

ወደ ስልኩ ቀረበ። ትንፋሹ ይሰማኛል። ከዚያ ስልኩን ላሰው፤ ጆሮዬ ውስጥ ሞላ። ማዳመጫውን ነቅዬ በእጅጌዬ ጆሮዬን ጠረግሁ። ደረቅ ነበር። ቢሆንም ደጋግሜ ጠረግሁት።

መልሼ ስሰካው... ማውራት እየሞከረ ነበር።

"ካ..." ጠቅ። "ካ... ባ..." ጠቅ።

በቀጭን፣ ምራቅ በሞላው ድምፅ። አጎቴ የጠሩትን ስም ነው። እየተሳሳተ፣ ምራቁን እየዋጠ፣ እንደገና እየጀመረ። ሰዓታት። ወደ መጨረሻው አሻገርኩት። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ላይ ድምፁ ወፍሯል።

"ካባዜላ" አለ። "እኔ ነኝ። ካባዜላ።"

በአባቴ ድምፅ። አንዲት እንከን የሌለው የአባቴ ድምፅ።

አባቴ የገዛ ስሙን መለማመድ ምን አስፈለገው?!

ሮጥኩ። የበረቱን አጥር እንዴት እንደዘለልኩት አላውቅም።

ግቢው በሰው ተሞልቷል። የእናቴ ጥቁር ልብስ ከጓሮ እየተቃጠለ ነው። እሷ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ ላይ ዓመት ሙሉ ያላየሁት ነገር አለ፤ ትስቃለች። ከፊቷ የእንጨት ገበታ ላይ ሥጋው ቀርቧል።

"እማ!"

"ወዬ ሙዚዬ! ና፣ ና ጎኔ ተቀመጥ። አባትህ ገባ እኮ! ታውቆኛል።"

አጎቴ በሰዉ ሁሉ አናት ላይ አሻግረው አዩኝ። ይጠብቁኛል።

አንዲት ቃል ነበረች። "ስልክ" ማለት። ይችን ብቻ።

ያን ሁሉ እንግዳ አየሁ። የምትቃጠለውን ልብስ አየሁ። እናቴ ተመልሳ ያንን ስትለብስ... ሰው ሁሉ እኔን ሲያየኝ... ልዋዚም ደግሞ ኪሴ ውስጥ "ላክ! ላክ!" እያለ ስልኬን ያንቀጠቅጠዋል።

"ምነው ልጄ? ላብ አጠመቀህ እኮ።"

"ምንም" አልኩ። "ምንም አይደል፣ እማ። ብዪ።"

ጎረሰች። አላመጠች። ስትውጥ ጉሮሮዋን አየሁት።

አጎቴ አንገታቸውን ደፉ። ሰዉ እልል አለ።

እኔ ፈሪ ነኝ። ሌላ ስም የለኝም።

አፑን አጠፋሁት፣ ስልኩንም ሰባበርኩት፣ ለልዋዚም የላክሁለትን አስጠፋሁት። እስከ ዛሬ ተኳርፈናል። ሰኞ የቪ ሰፈሩ ልጅ ተከፈተ። ይከፈት።

ኡምላዚን ትቼ እናቴ ጋ ገባሁ። መጀመሪያ ሳምንት ላይ ጠዋት ስትነሳ ጉንጯ እርጥብ ነበር። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር።

"አባትህ እኮ ነው" አለችኝ እያፈረች። "ይስመኛል። ድሮ እንዲህ አልነበረም።"

በወሩ ጉንጯ ቀላ። በሦስተኛው ወር ቆዳው ተልጦ ያብለጨልጭ ጀመር። ቅባት ገዛሁላት። ጠዋት ስትነሳ ቅባቱ የለም፤ ጥርግ ተደርጎ ተልሷል። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት ትስቅብኛለች። ለአጎቴ ሁሉንም ተናዘዝኩ። አዳመጡኝና፣ "ነግሬህ ነበር" ብለው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ግቢያችንን ረግጠው አያውቁም።

ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሻይ ይዤላት ገባሁ። ፍራሿ ላይ ቁጭ ብላ ሻሿን እየፈታች ነበር።

የግራ ጆሮዋ ጫፍ የለም።

ደም የለውም። ቁስል እንኳ አይመስልም። ክብ ክብ ሆኖ፣ በትናንሽ ጥርስ... ዙሪያው በልጋግ ርሷል። ሻዩ ከእጄ ወደቀ። ልጮህ አፌን ስከፍት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ፈገግ ብላለች።

"ሽሽ... ቀስ በል። ገና አሁን ነው እንቅልፍ የወሰደው።"

ከጎኗ ማንም አልነበረም። ብርድ ልብሱን ሳብ አደረገችና ባዶው ቦታ ላይ በዝግታ ለቀቀችው።

ብርድ ልብሱ ፍራሹ ላይ አላረፈም።