ሁለተኛው ግልባጭ

ሴትዮዋ ከተቀበረች በኋላ ነው ወንድሟ ወደ ፖሊስ የሄደው። ያቀረበው ምክንያት ተረኛውን መኮንን ግራ አጋባው።

«እህቴ ራሷን አላጠፋችም» አለ። «ትታው ሄደች የተባለው ደብዳቤ ይቅርታ አለበት። እህቴ ደግሞ ይቅር ማለት አታውቅም።»

እንዲህ ያለ አቤቱታ ሲመጣ የሚመራው ለአንድ ሰው ነው። ጥያቄውን ሁሉ በዚያች ቃል ስለሚጀምር ባልደረቦቹ «እስቲ» ይሉታል፤ ቆይቶ እሱ ራሱም በቅጽል ስሙ ሲጠሩት አቤት ማለት ጀምሯል። ወፍራም፣ ዝግ ያለ፣ ሲያናግሩት የሰውን ፊት ትቶ እጅና እግር የሚያይ ሰው ነው። ፋይሉን አገላብጦ አነበበና ኮቱን አነሳ።

ሟቿ የመጠጥ ውሃ የሚመረመርበት ላቦራቶሪ ኃላፊ ነበረች። ሠራተኞቹ ከጀርባዋ «ማጣሪያዋ» ይሏታል፤ በእጇ ሳያልፍ የሚወጣ ውጤት፣ በዓይኗ ሳያልፍ የሚገባ ሰው አልነበረምና። ሰኞ ጠዋት ጸሐፊዋ ስትገባ ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ አገኘቻት። የተኛች መስሏት፣ ኮቴዋ እንዳይሰማ ጫማዋን አውልቃ፣ መጋረጃውን በቀስታ ጋረደችላት። ሻይ ልታፈላ ከወጣች በኋላ ነው ነገሩ የከነከናት። ከሟቿ አጠገብ የነበረው ኩባያ ውስጥ ከላቦራቶሪው ቁም ሳጥን የወጣ መርዝ ተገኘ። የሞተችው ቅዳሜ፣ ሕንፃው ባዶ በነበረበት ጊዜ እንደሆነ ሐኪሙ ገመተ።

ደብዳቤው የተገኘው በማግስቱ ነው። ላቦራቶሪው የኢሜይል ሰርቨሩን በአዲስ እየለወጠ ነበር። የኮምፒውተር ባለሙያው፣ ያው የሟቿ ታናሽ ወንድም ነው፣ የእያንዳንዱን ሠራተኛ የመልእክት ሳጥን ከአሮጌው ሰርቨር እየገለበጠ፣ በየትኛውም ኮምፒውተር ሊከፈት የሚችል የማኅደር ፋይል አድርጎ፣ አዲሱ ላይ እስኪጫን ተንቀሳቃሽ ዲስክ ላይ አስቀመጠ። ዓርብ ሥራው አልቆ አሮጌው ሰርቨር ከአገልግሎት ወጣ። ማክሰኞ ምክትል ኃላፊው ሳያልቅ የቀረ ሥራ ሲፈልግ የሟቿን ማኅደር ከፈተ። ረቂቆች በተቀመጡበት ክፍል ውስጥ፣ ሐሙስ ተጽፎ ሳይላክ የቀረ ደብዳቤ አገኘ። ለልጇ የተጻፈ ነበር።

መርማሪው መጀመሪያ ያነጋገረው ይህችን ልጅ ነው። ነርስ ናት። አባቷ የታመመ ጊዜ፣ ተስፋው ማለቁን ስታውቅ፣ እናቷ ከመስክ ሥራ እስክትመለስ ሳትጠብቅ መተንፈሻ መሣሪያው እንዲነቀል ፈርማ ነበር። እናት ደርሳ ያገኘችው የተሸፈነ ፊት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱ አልተነጋገሩም። ልጅቷ ትጽፋለች፣ ትለምናለች፤ ከወዲያ መልስ የለም።

የታተመውን ደብዳቤ ከደንብ ልብሷ ኪስ አወጣችና ከእጇ ሳትለቅ አሳየችው። «አባትሽን አንቺ አልገደልሽውም፤ የዘገየሁት እኔ ነኝ። ይቅር ብዬሻለሁ። አንቺም እኔን ይቅር በይኝ» ይላል።

«እስቲ ልጄ፣ ምርመራው ይዘጋልኝ ብለሽ ለምን አመለከትሽ?»

«ተመርምሮ ምን ሊገኝ ነው ጋሼ? ሞታለች። ስንት ዓመት የለመንኳትን ግን ሰጥታኝ ነው የሄደችው። አጎቴን ሐዘኑ ነው እንዲህ የሚያናግረው። እባክዎ፣ ይህችን ወረቀት ብቻ አይንኩብኝ።»

መርማሪው ቃል አልገባላትም። ሲወጣ ግን ጉዳዩን ለሌላ ሰው በሰጡት ኖሮ ብሎ ተመኘ፤ ነገሩ አላማረውም።

ላቦራቶሪው ውስጥ ምክትል ኃላፊው ጥቁር ክራቫት አስሮ ጠበቀው። ወንበር አቀረበለት፣ ስለ ሟቿ ጥሩ ጥሩውን አወራለት። ሁለቱ አብረው ያረጁ ሰዎች ነበሩ፤ የባሏ ሬሳ ሲወጣ እንኳን ክንዷን ደግፎ የቆመው እሱ ነው። ዲስኩ የት እንደሚቀመጥ ሲጠየቅ የስብሰባ ክፍሉን ቁም ሳጥን አሳየው። ቁልፉ ከበሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል፤ እዚያ መሆኑን ማንም ያውቃል።

«ከእሷ የቀረን ይህ ዲስክ ብቻ ነው» አለ ምክትሉ። «ሰርቨሩማ ዓርብ ተጠርጓል። ማኅደሩን ባልከፍተው ኖሮ ያች ምስኪን ልጅ ያን ቃል ሳታገኘው ትቀር ነበር።»

ጸሐፊዋ ስታነክስ አገኛት። ጉልበቷ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«እስቲ እትዬ፣ ጉልበትዎን ምን አገኘው?»

«ያ አሮጌ ሰርቨር ነዋ። ወንድሟ ዓርብ አምጥቶ ዕቃ ክፍል ከወረቀት ካርቶኖቼ መሃል ጎለተው። በገባሁ በወጣሁ ቁጥር እጋጨዋለሁ። አንሳልኝ ብለው፣ ትንሽ ታገሽኝ ይላል። እኔስ እታገሣለሁ፣ ለጉልበቴ ማን ይንገርልኝ።»

መርማሪው ዕቃ ክፍሉን ከፍቶ አየ። ጥቁር የብረት ሣጥን፣ ገመዱ በላዩ ተጠምጥሞ፣ መተላለፊያውን ዘግቶ ተቀምጧል። በሩን መልሶ ዘጋና ወንድምየውን አስጠራው።

«እስቲ አስረዳኝ። የመልእክት ሳጥኑን ገልብጠህ ስታወጣ ዋናው ምን ይሆናል?»

«ምንም አይሆንም። ፎቶ ኮፒ በሉት።»

«በወጣው ማኅደር ላይስ ሌላ ሰው መጨመር ይችላል?»

ወንድምየው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ያለ ይለፍ ቃል ሰርቨሩ ውስጥ እንደማይገባ፣ የገባም ሰው ዱካው እንደሚመዘገብ ነገረው። ማኅደሩ ግን አንዴ ዲስክ ላይ ከወጣ ቁልፍ የሌለው መሳቢያ ነው፤ የከፈተው ሁሉ ይጨምርበታል፣ ይቀንስበታል። ዛሬ የተጻፈውን የሐሙስ ለማስመሰልም የኮምፒውተርን ሰዓት ወደ ኋላ መመለስ ይበቃል።

«ይህን እያወቅህ ሰርቨሩን ለምን ራስህ ከፍተህ አላየኸውም?»

«ብቻዬን ብከፍተው አንተ ነህ ያጠፋኸው፣ አንተ ነህ የከተትከው እባላለሁ። ፖሊስ ፊት እንዲሆን ነው የጠራኋችሁ።»

«ምክትሉ ተጠርጓል ብሎኛል።»

ወንድምየው መሬት መሬት አየ። «ጥረገው ጥረገው እያለ መውጫ መግቢያ ሲያሳጣኝ፣ ጠርጌዋለሁ አልኩት። በእኛ ሥራ ግልባጩ መስራቱ ሳይረጋገጥ አሮጌውን የሚጠርግ የለም። ይህን ለእሱ ከማስረዳት መዋሸቱ ቀለለኝ።»

ሰርቨሩን እዚያው ካርቶኖቹ መሃል አስነሡት። ወንድምየው በመርማሪው ፊት የእህቱን የመልእክት ሳጥን እንደገና ገልብጦ ሌላ ዲስክ ላይ አወጣ። ሁለቱን ማኅደሮች ጎን ለጎን ከፍተው ሲያስተያዩ አንድ ነገር ጎድሎ አንድ ነገር ተጨምሮ አገኙ። መርማሪው ሌላም ነገር አየ። «ልጄ» የሚል ስም የተሰጠው ክፍል ነበር፤ ከፈተው፣ አየና ወዲያው ዘጋው። ወንድምየውም አይቷል።

በማግስቱ ሁሉም በስብሰባ ክፍሉ ተሰበሰቡ። ልጅቷ ከሥራ መጥታ ከነደንብ ልብሷ ከአጎቷ ጎን ተቀመጠች። መርማሪው ሁለት ዲስኮች ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ሁለተኛው የምንድን ነው?» አለ ምክትሉ።

«የማጣሪያዋ የመልእክት ሳጥን ግልባጭ ነው። ትናንት ነው የወጣው።»

«ከምን ላይ?»

ጸሐፊዋ ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገች። ወንድምየው ጣቶቹን ያያል። ከምን ላይ እንደወጣ መጠየቅ ያስፈለገው ምክትሉን ብቻ ነበር።

«ከሰርቨሩ» አለ መርማሪው። «እስቲ ከሥሩ እንነሳ። በሰርቨሩ ላይ የስንብት ደብዳቤ የለም፤ ኖሮም አያውቅም። ሌላ ረቂቅ ግን አለ። ለውሃ ባለሥልጣኑ የተጻፈ ነው። ከአንድ መንደር ናሙና ሳይወሰድ፣ ውሃው ንጹሕ ነው የሚል ውጤት ከላቦራቶሪዬ ወጥቷል፤ ማን እንዳወጣው ሰኞ አሳውቃለሁ ይላል። ይህ ረቂቅ ከመጀመሪያው ማኅደር ላይ ተሰርዟል። ያን ያጠፋው ሰው ነው የስንብቱን ደብዳቤ የጨመረው።»

ልጅቷ እጇን ኪሷ ላይ አሳረፈች። መርማሪው አይቷታል፤ ንግግሩን ግን አላቆመም።

«እንዲህ ያለ ውጤት ማውጣት የሚችሉት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ የሚፈርመው ምክትሉ፣ የምትተይበው ጸሐፊዋ፣ ኮምፒውተሩ በእጁ ያለው ወንድሟ። ዲስኩ ያለበትን ቁም ሳጥን ቁልፍም ሦስቱም ያውቁታል። ይህን ያደረገው ሰው ግን ዲስኩን አስተካክሎ ሰርቨሩን እንዳለ ተወው። ለምን? ሰርቨሩ ባዶ ነው ብሎ ስላመነ። ወንድሟ ባዶ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ገዳዩ እሱ ቢሆን ኖሮ የምሩን ይጠርገው ነበር። ጸሐፊዋ ተጠርጓል ብሎ የነገራት የለም፤ ሣጥኑ እዚያው ቁጭ ብሎ በየቀኑ ያቆስላታል፤ ገዳይዋ እሷ ብትሆን፣ እንዲያ የሚያሰጋ ነገር አጠገቧ እያለ አንሳልኝ ብላ ብቻ ዝም አትልም። ተጠርጓል የተባለው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ከእሷ የቀረን ይህ ዲስክ ብቻ ነው ሲል በገዛ አፉ ነገረኝ።»

«ይህ ግምት ነው» አለ ምክትሉ።

«ግምት ነው። ሰዎቼ አሁን ኮምፒውተርህን ከቢሮህ እያወጡ ነው። ሰዓቱን መቼ ወደ ኋላ እንደመለስከው ከውስጡ ይገኛል፤ ያን ጊዜ ግምትነቱ ያበቃል።»

ምክትሉ ክራቫቱን አላላ። ሲናገር ድምፁ የንዴት እንጂ የፍርሃት አልነበረም።

«መስክ መውጣት ታክቶኝ አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ ቢሮ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። ዓርብ ለብቻዬ ጠርታ ያንተ ሥራ ነው አለችኝ። ለመንኳት። ቅዳሜም ተመልሼ ለመንኳት። ቀና ብላም አላየችኝም። እናንተም ታውቋታላችሁ።»

«ቅዳሜ ልትለምናት ስትመጣ መርዙ ኪስህ ውስጥ ነበር?»

ምክትሉ ያላላውን ክራቫት ከአንገቱ አወጣ።

«የልጅቷንም ቁስል ታውቃለህ» አለ መርማሪው። «ይቅርታ ያገኘች ልጅ ምርመራ አትጠይቅም ብለህ ደብዳቤውን በልኳ ሰፋህላት። ደግሞም አልተሳሳትክም፤ አልጠየቀችም።»

«እኔን የከለከለችኝን ነው ለእሷ የጻፍኩላት» አለ ምክትሉ።

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ጸሐፊዋ እያለቀሰች ተከትላ ወጣች። ልጅቷ ግን ከወንበሯ አልተነሳችም። መርማሪው ባርኔጣውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው፤ ቶሎ ቢወጣ ኖሮ ደስ ባለው፣ ግን ጥያቄዋ ሲመጣ ታውቆታል።

«የኔ ደብዳቤዎች ሰርቨሩ ላይ ነበሩ?» አለች።

«ነበሩ። ለብቻቸው አድርጋ አስቀምጣቸዋለች። ልጄ ብላ ጽፋበታለች።»

«አንብባቸዋለች?»

በሥራ ዘመኑ ሁሉ የሰውን ውሸት ሲፈለቅቅ የኖረ ሰው፣ ለአንዴ እንኳን አንድ ጥሩ ውሸት አልመጣለትም። መልሱን የሰጣት አጎቷ ነው።

«ያልተከፈተው ደብዳቤ በደማቅ ፊደል ነው የሚታየው፣ የኔ ልጅ። ሲገለበጥም እንደዚያው ሆኖ ይወጣል» አላት። «ሁሉም ደማቅ ናቸው።»

ልጅቷ ወረቀቱን ከኪሷ አወጣች። ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ እጥፋቱን በመዳፏ አስተካከለች። እያንዳንዱን ቃል በቃሏ ታውቀዋለች፤ ቢሆንም እንደገና እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«አጎቴ፣ የመልእክት ሳጥኗ ግልባጭ ለቤተሰብ ይሰጣል አይደል?»

«ይሰጣል።»

«የመጀመሪያውን ስጠኝ።»

አጎትየው መርማሪውን አየው።

«የመጀመሪያው ኤግዚቢት ነው፣ ልጄ» አለ መርማሪው። ቃሉ ሲወጣ ራሱን ጠላው። «ወረቀቱም ከእሱ ጋር ይያዛል። ከሁለተኛው ግን ለእኛ ሌላ ግልባጭ ይወጣል።»

አልተከራከረችም። ወረቀቱን እንደነበረው አጥፋ ሰጠችው። አጎቷ ሁለተኛውን ዲስክ በእጇ አኖረላት። ጥቂት ይዛው ቆየችና ወረቀቱ በነበረበት ኪስ ከትታው፣ ተረኛ ስለነበረች ወደ ሥራዋ ሄደች።