«ጭልሞ» እንዴት ይጻፋል?

በሩን ከውጭ የቆለፈው ማን ነው? ፊራኦል መልሱን አያውቅም። መልሱ ካልተገኘ ግን ታሳሪው እሱ መሆኑ አይቀርም።

ጊንጪ ያለው የደን ፕሮጀክት ኃላፊ ኦቦ ሆርዶፋ፣ ጠዋት ቢሮአቸው ውስጥ ኮምፒውተራቸው ላይ እንደተደፉ ሞተው ተገኙ። እግራቸው ሥር የከሰል ምድጃ ነበር። መስኮቱ ተዘግቷል፤ በሩ ከውጭ በጓጉንቸር ተከርችሟል። ጮኸውም ከሆነ፣ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ያመሸው ዝናብ ድምፃቸውን ውጦታል። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ አብረዋቸው የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ የኮምፒውተር ባለሙያው ፊራኦል፣ ጸሐፊዋ ዘነበወርቅና ምክትሉ ኦቦ ሞቱማ። ሦስቱም ከግቢ እንዳይወጡ ተከልክለዋል። አስከሬኑ ከተነሣ በኋላ ፊራኦል እዚያው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ፣ በመስኮቱ ፍርግርግ በኩል ወደ አምቦ የሚያልፉትን አውቶቡሶች ይሰማል።

ኢንስፔክተር ዱረቲ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«የኦቦ ሆርዶፋ ፋይሎች ተሰርዘዋል። የይለፍ ቃሉን የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ ይላሉ።»

«ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። እሳቸው ግን እየረሱት...» ጣቱን ወደ ሞኒተሩ ጠርዝ ዘረጋ። የይለፍ ቃሉ በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ ተለጥፏል።

ዱረቲን ሳቅ አፈናት። «ይሄማ ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቶ መተኛት ነው! በል፣ የጭልሞን ጫካ የሚመለከት የተረፈ ፋይል ካለ ፈልግልኝ።»

ፊራኦል የጫካውን ስም በላቲን ፊደል ጻፈ። የወጣው አንድ ፋይል ብቻ ነው፤ ዘነበወርቅ ያስቀመጠችው ቅጂ። ዱረቲ ግን የምታየው ስክሪኑን ሳይሆን ጣቶቹን ነበር።

«‹ጭ›ን በሲ እና በኤች ጻፍከው?»

«በምን ልጻፈው ታዲያ?»

«ኦሮሞ አይደለህም እንዴ?»

ፊራኦል እጁን ከኪቦርዱ አነሳ። «አጎቴ ናይሮቢ ሲወስደኝ ትምህርት ቤት ገና ኦሮምኛን በቁቤ ፊደል ማስተማር አልተጀመረም ነበር። እናገራለሁ፤ መጻፍ አልችልም።»

«ፈረንጃችን!» አለ ሞቱማ ከበሩ ላይ። «የአባቱን ስም እንኳ በእንግሊዝኛ ነው የሚጽፈው።»

«እርስዎስ ኦቦ ሞቱማ፣ ከኮምፒውተር ጋር እንዴት ነዎት?» አለች ዱረቲ።

«እኔ? ማብራቱንም አላውቅ። የቁቤ አስተማሪ ነበርኩ፤ የማውቀው ጠመኔ ነው።»

ኮምፒውተር የማይነካ ሰው ከተጠርጣሪነት ወጣ ማለት ነው፤ ጣት የሚቀሰረው ወደ ማን እንደሆነ ፊራኦል ገባው።

ከምሳ በኋላ ዱረቲ ሦስቱንም እዚያው ቢሮ ሰበሰበች። ፖሊሱ በሩን ዘጋው።

«የተሰረዘ ፋይል ወዲያው አይጠፋም፤ ቅርጫት ውስጥ ይገባል» ብላ ከፈተችው። «ኦቦ ሆርዶፋ ከጫካው በድብቅ ስለሚወጣው ግንድ የጻፏቸው ሁሉ እዚህ ተጥለዋል። እሳቸው ፋይሎቻቸውን በቁቤ ነው የሚሰይሙት። በቁቤ ደግሞ ‹ጭ› ሲ ብቻ ነው፤ ኤች አይከተለውም። በሲ እና በኤች የተጻፈው የዘነበወርቅ ቅጂ ግን አልተነካም። የሰረዘው ሰው ሲፈልግ ጭልሞን በሲ ብቻ ጻፈ፣ የወጣለትን ጣለ፣ ያለቀ መሰለው።»

«እኔ የወሎ ሰው፣ ቁቤ የት አውቄ!» አለች ዘነበወርቅ።

«ፊራኦልም አያውቅም። እሱ ቢሆን ኖሮ የሚጠፋው ያንቺ ቅጂ ነበር።»

ሞቱማ ሳቀ። «ማብራት አላውቅም አልኩ እኮ!»

«ጋሼ ሞቱማ!» ዘነበወርቅ ብድግ አለች። «ኦቦ ሆርዶፋ ምሳ በወጡ ቁጥር እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠው በኮምፒውተሩ ካርታ የሚጫወቱት ማን ሆኑና ነው? ምድጃውንስ ‹ብርድ ነው› ብለው ያስገቡላቸው እርስዎ አይደሉም?»

የሞቱማ ሳቅ ፊቱ ላይ ቀረ። ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ስለ ግንዱ ዝም ቢሉ ምን ነበረበት...» አለ።

በሩ ተከፈተ። ፖሊሱ ጠዋት የወሰደበትን ስልክ ለፊራኦል መለሰለት። ፊራኦል በዋዜማው ማምሻውን፣ የይለፍ ቃል ጠፋኝ የሚል ሁሉ ሲደውልበት ሰልችቶት አጥፍቶት ነበር። አስፋልቱ ዳር ቆሞ አበራው። መልእክት ገባ፤ ከኦቦ ሆርዶፋ ነው።

«ፊራኦል ልጄ፣ የጭልሞ ፋይሎች ጠፉብኝ። ራሴን አዞረኝ፤ በሩም አልከፈት አለኝ። ቶሎ ናልኝ።»