አቶ መርዕድ መነጽራቸውን ለምን አወለቁ?

ጎረቤታችሁ እያያችሁት ሞቶ «ራሱን ገደለ» ሲባል ዝም ትላላችሁ? አትቸኩሉ። እነዚህም «አንልም» ባዮች ነበሩ።

አቶ መርዕድ የሞቱት ቅዳሜ ቀትር ላይ ነው። የስኔልቪል ቤተ ክርስቲያናቸው ምእመናን በሳቫና ዙሪያ ያሉትን የጥንት የባሕር ጠረፍ ምሽጎች ሊጎበኙ ከአትላንታ በቫን ወርደው ነበር። በሁለተኛው ምሽግ ሽማግሌው ከግንቡ ሥር፣ ደረቁ ቦይ ውስጥ ሞተው ተገኙ። ከላይ፣ ጎብኚ ወደ ጫፉ እንዳያልፍ የተዘረጋው ባለ መንጠቆ ሰንሰለት እንደተቆለፈ ነበር። በሳምንቱ «ራሳቸውን ጣሉ» ተባለ። ለቅሶ ደራሹም ቀረ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አበዛሽ የባላቸው ስም እንዲህ ተቀብሮ እንዳይቀር፣ በማሪዬታ ለጠበቆች የምትሠራውን መርማሪ ሰሎሜን ጠሩ።

ሰሎሜ ከሟቹ ደረት ኪስ የወጣውን መነጽር ከማኅደሩ አወጣችው። አልተሰበረም።

«ያለዚህ ያያሉ?»

«ባሕሩን ከሰማዩ አይለዩም። ጉልበታቸውም ከኦፕሬሽኑ ወዲህ አይታጠፍም፤ መኪና የሚገቡት እኔ እግራቸውን አንሥቼ ነበር።»

ሰሎሜ ግድግዳውን የሞሉትን የአቶ መርዕድን ፎቶዎች አንድ በአንድ አየች። ከዚያ ወደ ሾፌሩ ወደ ልዑል ሄደች።

«ፓርኪንግ ሎቱ ጋ ነበርኩ፤ ቫኑን ሙቭ እያደረግኩ» አላት። «ላይክ፣ ምንም አላየሁም። ፒክቸርም ማንም አላነሳም።»

«ስለ ፎቶ መቼ ጠየቅኩህ?»

ልዑል ስልኩን ነካካ።

ከተጓዦቹ አንዷ፣ ነርሷ የምሥራች፣ ያን ቀን ግንቡ ላይ፣ ከመድፉ ጀርባ ጥላ ውስጥ ተቀምጣ ነበር።

«ጩኸት ሰማሁ። ከዚያ ብረት ቀጭ አለ።»

«ከጩኸቱ በኋላ? ለምን አልተናገርሽም?»

«ማንም አልጠየቀኝም» አለች፣ ወለሉን እያየች።

የጉዞው ሰብሳቢ ዳኛቸው ረጋ ያለ ሰው ነው። «እኔ ትኬት ቤቱ ጋ ነበርኩ» አለ። «እትዬ አበዛሽን አጽናኚልኝ። ፈገግ እንዳሉ ነው የሄዱት።»

ሰሎሜ ቃሉን እንዳለ ጻፈችው። በማግስቱ ሦስቱንም ወይዘሮ አበዛሽ ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ጉልበቱ የማይታጠፍ ሰው ሰንሰለት አይዘልም» አለች። «ስለዚህ ተከፍቶላቸዋል። ከጫፉ የወደቀ ሰው ደግሞ ተመልሶ አይቆልፍም። የምሥራች ከጩኸቱ በኋላ ብረት ሰምታለች፤ የቆለፈው ያኔ እዚያ የነበረ ሰው ነው።»

«ባሕሩን ሊያዩ ይሆናላ» አለ ዳኛቸው።

«ባሕር ሊያይ የሄደ ሰው መነጽሩን አያወልቅም። እነዚህን ፎቶዎች ይዩ፤ በአንዱም መነጽር የለም። እሳቸው መነጽር የሚያወልቁት ፎቶ ሲነሡ ነው። የምሥራች ከጀርባቸው ነበረች፤ ልዑል ከታች። ጋሽ ዳኛቸው፣ ፈገግታቸውን ፊት ለፊት ያልቆመ ሰው እንዴት ያየዋል?»

ልዑል በቀስታ «ከላይ እየሮጡ ሲወርዱ አይቻቸዋለሁ» አለ። «‹ፒክቸር የለም በል› አሉኝ። ሰብሳቢያችን ናቸው፤ አፈርኩ።»

«እኔም ድምፃቸውን ሰምቻለሁ» አለች የምሥራች። «‹ትንሽ ወደ ኋላ› ሲሉ።»

ይሉኝታ ይሏታል ይህችን። ለቆመው አፍረው የሞተውን አዋረዱት። ነርስ ሆና ከግንቡ ያልወረደችው ሴት አሁን ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ፎቶው ውስጥ ባሕሩ እንዲገባልኝ ብዬ ነው» አለ ዳኛቸው። «ደነገጥኩ። ያ ወሬ ሲነሣም ዝም አልኩ። እትዬ አበዛሽ፣ እግርዎ ላይ ልውደቅ፤ እዚሁ በመካከላችን ይለቅ።»

ወይዘሮ አበዛሽ እግራቸውን ሰበሰቡ።

«ባሌን አደባባይ ላይ ነው ያዋረድከው፤ በጓዳ አትታረቀኝም። እሑድ ሕዝቡ ፊት ቁምና መልስ፤ ያን ሰንሰለት ስትቆልፍ መርዕድ ገና ይተነፍስ ነበር?»