ዘግይቶ የሚጠፋው መብራት

«የላዩን አትንካ» አለችው ሎሚ ዘንቢሉን እያቀበለችው። «ከታች ያለው ነው። ክር የታሰረበት።»

ዘንቢሉ ሙሉ አንጮቴ ነው፤ እንደ ድንች ከመሬት የሚቆፈረው የወለጋ ሥር። ከአንደኛው ሆድ ውስጥ፣ በጭቃ ተለስና፣ ከጥፍር የማትበልጥ የሚሞሪ ካርድ ተቀብራለች።

«ያየሽ አለ?»

«የአኖ ገበያ በሙሉ አየኝ። የጌታዬን አንጮቴ ስሸጥ።»

«ጥሩ።»

«ባቻንስ መቼ ነው የምታስፈታው?»

«ይቺ ካርድ ታስፈታዋለች።»

«ባለፈውም እንዲሁ ብለኸኛል፣ ኦቦ ዋጋሪ። ነቀምቴ እስር ቤት ተስፋ ቋጥሬ ብሄድ ዘበኞቹ አያስገቡልኝም።»

ከሌላ ገበያተኛ ጋር በኦሮምኛ ዋጋ መከራከር ጀመረች። እሱም ሄደ።

ዋጋሪ ስሙ አልነበረም። አኖ ከተማ ፍሪጅ ይጠግናል፤ ያ እውነት ነው፤ ጎበዝ ጠጋኝም ነው። የሚሠራለት አዲስ አበባ ያለው የስለላ ቢሮ ግን «ጧፍ» ይለዋል። ከነቀምቴ እየመጣ ካርዱን የሚረከበው ጋሩማ «ኩራዝ» ነው። ሎሚ ደግሞ «ሚጥሚጣ»። ስም የሚያወጣው ክፍል መብራት በሌለው ፎቅ ላይ ነው የሚሠራው ይባላል።

ድሮ አገር የሚሸጥ ሰው ምስጢር ነበር የሚሸጠው። አሁን ሽቦ ይሸጣል። ከአኖ ወደ ቢላ በሚሄደው መስመር ላይ ትራንስፎርመር በየጊዜው ይጠፋል። በጠራራ ፀሐይ። የጥገና ቱታ የለበሱ ሰዎች ይመጣሉ፣ ምሰሶ ላይ ይወጣሉ፣ ነቅለው ይሄዳሉ። ሕዝቡ «እግዜር ይስጣችሁ» ብሎ ውሃ ያጠጣቸዋል። የሎሚ ባል ባቻ ቢላ ላይ ከእነዚያ ትራንስፎርመሮች የአንዱ ጥበቃ ነበር። ትራንስፎርመሩ ሲሄድ እሱ ታሰረ። በኪሱ ይዞት የወጣ ይመስል።

ያንን መስመር የሚቆርጠው ማጥፊያ ያለበት ምሰሶ ከአኖ ወጣ ብሎ፣ በሎሚ ጌታ በጂሬኛ እርሻ አጥር ውስጥ ነው የቆመው። የእርሻው ቤት የሚበራው ግን ከምሰሶው በፊት ካለው መስመር ነው። ስለዚህ ሌቦቹ እንዲነቅሉ ጂሬኛ ምሰሶው ላይ መስመሩን ሲያስቆርጥ ከተማው ይጨልማል፤ የሱ ቤት ይበራል። እንዳያስጠረጥረው ብሎ ወደ ቤቱ ይገባና ዋናውን ማብሪያ በእጁ ያወርዳል።

እጁ እስኪደርስ ግን ጊዜ ይወስዳል።

ከጂሬኛ ፍሪጅ ኋላ የተሰካችው ትንሽ ሳጥን ያንን ጊዜ ካርዷ ላይ ትመዘግባለች፤ ካርዷን የምታወጣው ቤቱን የምታጸዳው ሎሚ ናት። መብራት በራሱ ሲሄድ ሁሉም ዘንድ እኩል ነው የሚሄደው። የጂሬኛ እርሻ ግን ትራንስፎርመር በተሰረቀ ቀን ሁሉ ዘግይቶ ይጠፋል።

ጋሩማ ሩክያ ካፌ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ከፊቱ የስልክ መሸፈኛ ደርድሯል፤ ሽፋኑ እሱ ነው።

«አመጣህ?»

«መጀመሪያ ማኪያቶ።»

«ልትከርም ነው?»

ሩክያ ወተቱን ከማሽኑ አፍ ስር አስጠግታለች። ማሽኑ ፉጨቱን ጀመረ። ከዚያ ዝም አለ።

«ሄደ» አለች ሩክያ። የወሎ ሰፋሪ ልጅ ናት፤ ስትናደድ ድምጿ ይቀንሳል። «አብሽሩ፣ ከሰል አለ።»

ካፌው በሙሉ ተነሳ። መብራት ሲሄድ ሰው መጀመሪያ ወደ በር ነው የሚወጣው። የጎረቤቱን ያያል። የጎረቤትም ከሄደ መከራው የጋራ ነው፤ ይቻላል። የሚያንገበግበው የራስ ብቻ ሲሆን ነው።

«የኛ ብቻ ነው?»

«ወፍጮ ቤቱም ቆሟል።»

«የሁሉም ነው። ኢብሳን ባዴ፤ መብራቱ ጠፍቷል።»

ዋጋሪም ወጥቶ አየ። ሲመለስ ጋሩማ እንደተቀመጠ ነው። አምፖሉን ቀና ብሎ አላየም። ማንንም አልጠየቀም። ለአንድ ቀን የመጣ እንግዳ እንኳ ይጠይቃል።

የማይጠይቀው መልሱን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ዋጋሪ እጁን ወደ ዘንቢሉ ሰደደ። ከላይ ያለውን አንጮቴ አነሳ።

«ይኸው።»

ጋሩማ ተቀብሎት ወጣ። ማኪያቶው አልመጣም።

ዋጋሪ ከወፍጮ ቤቱ ኋላ ሆኖ ካርዷን ከጭቃዋ አወጣት። ስልኩ ውስጥ ከተታት። የኔትወርክ ማማው ባትሪ ከመሞቱ በፊት የያዘችውን አዲስ አበባ ላከ። ከዚያ ደወለ። አለቃው ጸሐይወርቅ ሁልጊዜ ከስብሰባ መሀል እንደወጣች ሆና ነው የምታወራው።

«ኩራዙ ጨሰ» አላት።

«እርግጠኛ ነህ?»

«መብራት ሲሄድ አልተነሳም።»

«ይሄ ማስረጃ ይሆናል?»

«እዚህ አገር ይሆናል።»

የላከውን እያየች ነበር። «በቂ ነው። ቡድኑ ከአኖ ውጪ ቆሟል፣ ይንቀሳቀስ። አንተ ጓዝህን ሰብስብ።»

«ሚጥሚጣ ወደ እርሻው ተመልሳለች። ጋሩማም ባዶ አንጮቴ ይዞ ወደዚያው ነው የሚሄደው።»

«እውነተኛ ስሟን ያውቃል?»

«አያውቅም። ግን ቤቱ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሁለት ናቸው። ብዙ አያስፈልጋቸውም።»

«አትሂድ። ትእዛዝ ነው።»

«ጂሬኛ ሽጉጥ አለው፤ ቤቱ ውስጥ ከከበባችሁት ሴቶቹን ይይዛል። የቡድኑን ልጆች የጥገና ቱታ አልብሻቸው። እርሻው ሲደርሱ መስመሩን ከምሰሶው በፊት ያስጠፉት፤ የሱም ቤት ይጨልም።»

«ማስጠፋቱ ምን ይረዳናል?»

«ከቤት የሚያስወጣው ሌላ ነገር አላውቅም።»

ሞተሩን አስነሳ። ገና ከከተማው ሳይወጣ ከኋላው ጭብጨባ ሰማ። መብራት መጥቷል። ሌቦቹ ሥራቸውን ጨርሰዋል ማለት ነው።

ጂሬኛ ሳሎኑ ውስጥ አንጮቴ እየከተፈ ነበር።

ጥሬውን። በጠረጴዛው ላይ፣ ቀጭን ቀጭን አድርጎ። ካርድ አላገኘም። ከቢላዋው አጠገብ ሽጉጥ፣ ከሽጉጡ አጠገብ ከነሽቦዋ የተነቀለችው ሳጥን አሉ። ጋሩማ ሶፋው ላይ ነው። ሎሚና አሮጊቷ ወጥ ሠሪ ግድግዳው ስር ቆመዋል። ሬዲዮው ይዘፍናል።

«ና፣ ኦቦ ዋጋሪ። አካም ጅርታ?» አለ ጂሬኛ። «ሳልጠራህ መጣህ። ጥሩ ጠጋኝ እንዲህ ነው።»

«ፍሪጁ ይጮሃል ብለውኝ ነው።»

«ፍሪጁስ ዝም ብሏል። የሚጮኸው ሌላ ነው።» በቢላዋው ሳጥኗን ነካት። «ሚጥሚጣ ማን ናት?»

ሎሚ ወለሉን አየች።

«ንገረኝ። አለዚያ ሁለቱንም ነው። ወንዙ አያበላልጥም።»

ዋጋሪ ሳቀ።

«ጋሩማ አልነገረህም? ሚጥሚጣ የለችም።»

«ሪፖርቱ ላይ አለች» አለ ጋሩማ።

«አበሏም አለ። ማን የሚበላው ይመስልሃል?»

ጋሩማ አየው። ቀስ ብሎ ፊቱ ፈካ። «አንተ ሌባ» አለው፣ እንደ ወንድም። ሌባ ሌባን ለማመን ምስክር አይጠይቅም።

«ሳጥኑንስ ማን ሰካው?» አለ ጂሬኛ።

«እኔ ነኝ። ፍሪጁን ስሠራ ሰካሁት፣ በመጣሁ ቁጥር ካርዱን ቀየርኩ። እነዚህ ሴቶች ሶኬት የሚያውቁት አቧራ ሲጠርጉ ነው።»

«አንጮቴውስ?»

«አኖ ገበያ ይሸጣል።»

ጂሬኛ ቢላዋውን አስቀመጠ። ሽጉጡን አነሳ። «እንግዲያው አንተ ብቻ ነሃ።»

«እኔ ብቻ ነኝ።»

ዘፈኑ ተቋረጠ።

ፍሪጁ ተንቀጥቅጦ ዝም አለ።

ጂሬኛ ወደ ጋሩማ ዞረ። «ማን አዘዘ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ምሰሶው ያንተ አይደል?»

ጂሬኛ ማጥፊያው በገዛ እጁ ስለነበረ ለዓመታት ወጥቶ አይቶ አያውቅም። አሁን ግን እግሩ እንደ ማንኛውም የአኖ ሰው በራሱ ወደ በር ሄደ። ጋሩማም ተከተለው። ሁለቱም በረንዳው ላይ ቆመው ወደ ጎረቤት አንገታቸውን አሰገጉ።

«የኛ ብቻ ነው እንዴ?» አለ ጂሬኛ።

ግቢው ውስጥ ቱታ የለበሱ ሰዎች መሰላል ተሸክመው ይመጣሉ። ዘበኛው በሩን ራሱ ከፍቶላቸዋል፤ ልብሱን ለምዶታል።

«ማን ላካችሁ?»

አልመለሱለትም። መሰላሉ ወደቀ። ከዚያ የሁለት ሰው መውደቅ ተሰማ፤ ቀጥሎ የካቴና ድምፅ። ሽጉጡ አልተተኮሰም።

ሎሚ ከግድግዳው አልተንቀሳቀሰችም። «እኔ የለሁም ማለት ነው?» አለች በሹክሹክታ።

«የለሽም። ለፖሊስም፣ ለፍርድ ቤትም፣ ለባቻም። የጂሬኛ ወንድሞች ገና አልተያዙም።»

«እኚህ እናትስ?»

አሮጊቷ ስታነጥስ ሰሟት። «እኔ ደግሞ ምን ሰምቼ» አለች፣ አንጮቴውን ከጠረጴዛው እየሰበሰበች።

ጋሩማ ጥፋቱን ለማቅለል መጀመሪያ የተናገረው የዋጋሪን ጉድ ነበር። «በሌለች ሴት ስም አበል ይበላ ነበር፤ በራሱ አፍ ነግሮናል» አለ። ቢሮው ኮሚቴ አቋቋመ። ቢሮው ኮሚቴ አይቸግረውም።

«ስሟን ስጠኝ» አለችው ጸሐይወርቅ። «አንድ መስመር ብቻ። ፋይሉ ይዘጋል።»

ጋሩማ የቢሮውን ፋይል ሲያነብ ስንት ዓመት እንደኖረ ሁለቱም ያውቃሉ። ከሱ ሌላ ማን እንደሚያነበው ግን አያውቁም።

«የለችም።»

«እንግዲያው ሌባ ነህ።»

«ነኝ።»

እንደሚዋሽ ታውቃለች። ጻፈችው። ከዚያ ስብሰባ ነበረባት።

ባቻ በወጣ ቀን ዋጋሪ ነቀምቴ ነበር፤ ከእስር ቤቱ በር ማዶ፣ ጫማ ከሚያስጠርጉት መካከል። ባቻ ከስቷል። ሎሚ ነጠላዋን ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት። መንገዱን ተሻግረው በአጠገቡ አለፉ።

«ውስጥ ሲያወሩ ሰማሁ» ይላል ባቻ። «ያ የአኖው ፍሪጅ ሠሪ የመንግሥት ሰው ሆኖ ሌባ ነበር አሉ። እንዲያ ያለውን ነው ማሰር።»

ሎሚ ዋጋሪን አየችው። ዓይኗ አልቆመም።

«አዎ» አለች። «እንዲያ ያለውን ነው።»

ሊስትሮው ብሩሹን በሳጥኑ ላይ መታ፤ ሌላኛው እግር ተራ ነው። ዋጋሪ ሁለተኛው ጫማ ሳይጠረግ ከፍሎ ተነሳ።

መናኸሪያው ውስጥ የደምቢ ዶሎ አውቶቡስ ሊሞላ ነው። ትኬት ቆራጩ እስክሪብቶውን እያራገፈ ነበር።

«ስም?»

ሰውየው የሚሰጠው ስም አልነበረውም። የመጀመሪያ ጊዜው ነበር፤ እስከዚያ ቀን ስም የሚያወጣለት ቢሮው ነበር።

«አባባ፣ ሰልፍ አለ። ስም?»

«ከፊቴ የነበረውን ሰው ስም ድገምልኝ።»

ትኬት ቆራጩ ሳይስቅ ያንኑ ስም ጻፈለት። ሰውየው ትኬቱን ሳያነበው አጠፈው። መጨረሻው ወንበር ላይ፣ ሁለት ዶሮ በያዘች ሴትና በመስኮቱ መሀል ተቀመጠ።