የሦስተኛው ጎጆ መስኮት

ሄክተር ማቲሰን በተወለደበት ጎጆ ውስጥ፣ ምድጃው ፊት፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። ጫማውን አውልቆ አጠገቡ አስቀምጦታል። ከጫማው ወዲያ አመድ የቀረበት የብረት ባልዲ ቆሟል። ጉንጮቹ ቀልተው ስለነበር፣ ላላወቀ ሰው እሳት ሲሞቅ እንቅልፍ የጣለው ሽማግሌ ይመስል ነበር።

ኢንስፔክተር ሺና ጋን ከኢንቨርነስ ከተማ ስትደርስ አስከሬኑ ተነስቷል፤ የሸለቆው ሰውም ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል። ሐኪሙ «የገደለው ከፍም የሚወጣ፣ ሽታ የሌለው መርዝ ነው» ብሎ ነበር። በሩና መስኮቱ ዝግ፣ ባልዲው ከእግሩ ሥር። ሽማግሌው ፍም በባልዲ ታቅፎ ራሱን ገደለ ተባለ።

ይህን መሸከም ያቃታት እህቱ ኤፊ ናት። ኢንስፔክተሯን ያስጠራችውም እሷ ነበረች።

«ወንድሜን መልሺልኝ አልልሽም» አለቻት ገና ቤቷ ደጃፍ ላይ። «ሐሙስ ይቀበራል። ሰው መቃብሩ ላይ ቆሞ በሐፍረት አቀርቅሮ እንዲሸኘው አልፈልግም። ራሱን አልገደለም። ስሙን መልሺልኝ።»

«ባልዲው የማን ነው?»

«የእናቴ ነበር፣ አሁን የኔ። ፍሙን ያመጣሁለትም እኔ ነኝ። ለፖሊሱ ነግሬዋለሁ፤ አልሰማኝም።»

ኤፊ ቁጭ አለችና ቀስ ብላ አወጋቻት። በሸለቆው በረድፍ የቆሙትን ጎጆዎች የሠራው የርስቱ ጌታ ነው፤ ለእረኞቹና ለጉልበት ሠራተኞቹ። በጎች እያሉ ጎጆ አለ። ጌትየው በጎቹን ሸጦ ተራራውን ለአጋዘን አደን ሲተወው፣ ጭሰኞቹ ሁሉ በግንቦት ልቀቁ ተባሉ። እናቷ ስትወጣ ሌላ ብዙ ዕቃ አልያዘችም፤ የምድጃዋን ፍም በባልዲ ይዛ መንግሥት ወደ ሰጣቸው ቤት ሄደች። ያ እሳት ማታ ማታ እየተዳፈነ፣ ጠዋት ጠዋት እየተቆሰቆሰ እስከ ዛሬ ኖሯል።

«ሄክተር ወደ አሮጌው ቤት ገብቶ ሊያድር ነው ሲሉኝ፣ እሳቱን ወደ ቤቱ መለስኩት። ምድጃው ላይ አዳፈንኩለትና ወጣሁ። ይሄው ነው።»

«ደስ ብሎት ነበር?»

«እንደ ሕፃን! ሴትዮዋ የበጎቹን ጉረኖ መታጠቢያ ቤት አድርጋዋለች። ‹አባታችን ቢያይ በጎቹን ይቅርታ ይጠይቅ ነበር› ብሎኝ ስንስቅ ነው የተለያየነው።»

ሴትዮዋ ፊሊፓ ስታንተን ትባላለች፤ የፈረሱትን ጎጆዎች ገዝታ ለእረፍት እንግዶች እንዲከራዩ ያሳደሰች እንግሊዛዊት። ሄክተርን ሞቶ ያገኘችውም እሷ ናት።

«ደግነት ያደረግሁ መስሎኝ ነበር» አለች። «‹የመጀመሪያው እንግዳ እርስዎ ይሁኑ› አልኳቸው። ሲገቡ አለቀሱ። ‹እዚህ ብሞት አይቆጨኝም› አሉኝ። ለፖሊስ የነገርኩት ይህንኑ ነው።»

«ሰው ደስ ሲለውም እንዲህ ይላል።»

ሺና ማስታወሻዋን ገለጠች።

«መርዛማ ጭስ ሲኖር የሚጮኸው መሣሪያስ?»

«ከነካርቶኑ ኩሽና ውስጥ ነው። እንግዳ ሳይገባ እንሰቅለዋለን ብለን ነበር።»

«እንግዳማ ገብቶ ነበር» አለች ሺና በለሆሳስ። «ሲያገኟቸው መስኮቱን ከፈቱ?»

«በምን አቅሜ? ቀለም ቀቢዎቹ ከፍሬሙ ጋር አጣብቀውት ሄደዋል። ሄክተር የገቡ ዕለት ሁለታችንም ታግለን አቃተን። ‹አባቴ በክርኑ ነበር የሚከፍተው› እያሉ ሳቁብኝ።»

ሺና ሄክተር ወደሞተበት፣ በረድፉ ሦስተኛ ወደሆነው ጎጆ ሄደች። ምድጃው ላይ አመዱ በሦስት ክምር፣ ማንም ሳይነካው ተቀምጧል። ከምድጃው አፍ በላይ፣ አዲሱ ኖራ ላይ የጢስ ጥላ አርፏል። መስኮቱ ዘንድ ሄዳ ጎንበስ አለች። ቀለሙ ዙሪያውን በስለት ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ውስጥ ነጭ ዱቄት አለ። በመዳፏ ገፋችው። ተከፈተ።

ጣሪያው ላይ ግንበኛው ሮሪ ቤተን የጭስ ማውጫውን አናት ሲጨርስ አገኘችው። ከላይ መሰላሉን ይዞላት ወጣች።

«የግንብ ሙያውን ያስተማሩኝ ሄክተር ናቸው» አለ ቀና ብሎ ሳያያት። «ድንጋይ ስደረድር ‹ይሄ ግድግዳ ነው ወይስ የሰከረ ሰው?› ይሉኝ ነበር።»

«ታዲያ ራሳቸውን የሚገድሉ ሰው ነበሩ?»

ሮሪ ኖራውን አማሰለ። «እኔ ምን አውቃለሁ?»

ሺና በጭስ ማውጫው ቁልቁል ተመለከተች። ብዙ ቆየች።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ሄክተር የሞተበት ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ኤፊ ወንበሩ ላይ አልቀመጥም ብላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«መጀመሪያ ከባልዲው እንነሣ» አለች ሺና። «ሄክተር ፍሙን ወደ ባልዲ መልሶ ቢሆን ኖሮ የምድጃው አመድ ይበተን ነበር። ሚስ ማቲሰን፣ እሳት እንዴት ነው የሚያዳፍኑት?»

«በሥላሴ ስም፣ ሦስት ክምር አድርጌ።»

«ሦስቱም ክምር እንዳለ ነው። ስለዚህ ሄክተር እሳቱን አልነካም። መርዙ የመጣው ከባልዲው ሳይሆን ከምድጃው ነው። ከምድጃው የሚወጣ ጭስ ደግሞ ሽቅብ መሄድ ነበረበት። አልሄደም፤ ኖራው ላይ ያለውን የጢስ ጥላ እዩት፣ ወደ ክፍሉ ነው የተመለሰው።»

«ጭስ ማውጫው ግን ክፍት ነው» አለች ፊሊፓ።

«ዛሬ ክፍት ነው። ውስጡ ግን እስከ አንድ ቦታ ጠቁሮ፣ ከዚያ በላይ ኖራው እንደ ወተት ነጭ ነው። ድንበሩ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። እሳቱ ሲነድ እዚያ ላይ የሆነ ነገር ተከድኖ ነበር። ሄክተር ከሞተ በኋላ ተነሣ።»

ሺና ወደ መስኮቱ ሄደች።

«ቀጥሎ መስኮቱ። ሄክተር ቀለሙን ሰንጥቆ ከፍቶት ቢሆን ኖሮ አይሞትም ነበር። በጭስ ልሙት ያለ ሰው መስኮት አይከፍትም፤ ጭስ አፍኖት የከፈተም መልሶ አይዘጋም። ስለዚህ የተከፈተው ከሞተ በኋላ ነው። ሙት ላለበት ክፍል መስኮት የሚከፍተው ማነው?»

«የሸለቆው ሰው» አለች ኤፊ ቀስ ብላ። «ነፍሱ እንድትወጣ።»

«ሚስስ ስታንተን ልማዱን አያውቁም። እርስዎ ቢሆኑ ወንድምዎን ወንበር ላይ ትተው አይሄዱም፤ ጣሪያም አይወጡም። ስንጥቁ ውስጥ ያለው ደግሞ ኖራ ነው። መክደኛውን ያነሣ ሰው ለምን እንዳነሣው ይገባኛል፤ ፈርቶ ነው። መስኮቱን መክፈት ግን ምንም አይጠቅመውም ነበር። የከፈተው ሄክተርን ስለሚወድ ነው። ሮሪ።»

ሮሪ ቆቡን በሁለት እጁ ጨመደደ።

«ቁራዎች ጎጆ እየሠሩ አስቸገሩኝ» አለ። «ጭስ ማውጫውን በጣሪያ ድንጋይ ከደንኩት። አነሣዋለሁ ብዬ ረሳሁት። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አለ፣ እሳት ማን ያነዳል አልኩ። ጠዋት ስመጣ... አክስቴ፣ ቀዝቅዘው ነበር። ነፍሳቸው እንድትወጣ መስኮቱን ከፈትኩ፤ እንዳይታወቅብኝ መልሼ ዘጋሁት። ልነግርሽ መጥቼ ደጅሽ ድረስ ደርሼ ተመለስኩ። በኋላ ራሱን ገደለ ሲሉ ሰማሁና፣ ነገ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ እያልኩ...»

አክስቴ ይላታል እንጂ አይዛመዱም። በእጇ የበላ የጎረቤት ልጅ ነው።

ኤፊ ምድጃውን አየች።

«እሳቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለች።

ሺና ይህ ቃል እንዳይወጣ ነበር ስትጠነቀቅ የዋለችው። «ሚስ ማቲሰን፣ እርስዎ ሊያውቁ የሚችሉበት...»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ተይው። ከኔ ጋር ይኖራል።» ከዚያ ወደ ሮሪ ዞረች። «ሄክተር ወንድ ልጅ የለውም። ሐሙስ ሬሳው መቃብር ሲወርድ፣ ልጅ የሚይዘውን የራስጌውን ገመድ አንተ ትይዛለህ።»

«እኔ? እንዴት ብዬ፣ አክስቴ?»

«ከብዶህ። ከዚያ በፊት ግን ቤት ለቤት ትዞራለህ። እንዴት እንደሞተ በራስህ አፍ ትናገራለህ። ለሁሉም። ለቄሱም።»

ሮሪ ኢንስፔክተሯን አያት።

«እኔ ቃልህን ለመቀበል ዓርብ እመጣለሁ» አለች ሺና።

ሮሪ ወጣ። እርምጃው ከመንገዱ ማዶ፣ የፖስተኛዋ ደጃፍ ላይ ቆመ። ሳያንኳኳ ብዙ ቆየ። ከዚያ በሩ ሲንኳኳ፣ ሲከፈትም ተሰማ፤ ድምፁ ተሰባብሮ፣ ግን ከፍ ብሎ፦ «ሄክተር ማቲሰን ራሳቸውን አልገደሉም።»

ኤፊ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።